የሳሎናችን ቢጫ ግድግዳ

ግንቦት 3

ሶልያናና ባሏ ኤልናታን ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው ነበር። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷም ሞላ ብሏል፤ እርግዝና ያማረባት ልጅ ናት። ምሳውን ጠረጴዛ ላይ አሰናድቼ ስጨርስ «እማ፣ በረንዳ ላይ ብንበላስ? ቤት ውስጥ ይሞቃል» አለች። ሰሃኑን ሁሉ መልሼ አወጣሁ። ባለፈው እሁድም ሞቋት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ልጄ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብላ አታውቅም።

ከምሳ በኋላ የቦርሳዋን ማንገቻ እያፍተለተለች ተናገረች። «እማ፣ አራስነቱን ቡሹሎ፣ እነኤልናታን ቤት ብሆን ምን ይመስልሻል? ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው። አየሩም ጥሩ ነው።»

አየሩ ስትል ዓይኗ ወደ ሳሎኑ በር ሄደ። ኤልናታን የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባለቤቴ ምንያህል ብቻ ነው አፉን የከፈተው፤ «ልክ ናት» አለ።

ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሀዋሳ ውስጥ የለም። እኔም ሶልያናን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ናት ያረሰችኝ። አሁን ልጄ አማቷ ቤት ብትገባ ሰው ምን ይላል? ሰው የሚለውስ ይቅር፣ እኔ ምን እላለሁ?

ግንቦት 4

ቤቱ ይሸታል እንዴ? ለእኔ አይሸትም። ምንያህልን ጠየቅኩት፣ ለእሱም አይሸትም። እንግዲህ ከማን ጋር ነው የምማከረው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

የቤት ኅብረታችን የዚህ ሳምንት ተረኛ ጎረቤታችን ወንጌላዊት ናት። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሻይ ላግዝ ብዬ ወደ ማድቤት ስሄድ ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች አላዩኝም።

«የዘንድሮው የመዘምራን ልብስ ገና በአዲስነቱ ሲጋራ ሲጋራ ይላል።»

«ከዶርቃ ቤት የወጣ ምን እንዲል ፈለግሽ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። የመዘምራኑን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ አባቴ በመጽሐፍ ቅዱሷ ልብስ ሰፊ ስሜን ዶርቃ ብሎ ሲያወጣ መርፌውንም አብሮ ነው ያወጣልኝ። እያንዳንዱን ልብስ ሰፍቼ ስጨርስ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ሳላሰጣ አስረክቤ አላውቅም። ለምን እንደማሰጣው ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ምንያህል ሲጋራ እንደሚያጨስ ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። ያየው ግን የለም። እስከ ዛሬም የኖርነው በዚህ ነው፤ እኔ የእህቶች ኅብረት መሪ፣ እሱ ደግሞ እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ የከባድ መኪና ሹፌር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የሚያጨሰው፤ ከዚያ በፊትም ከመንገድ ሲመለስ እዚያው ነበር። መስኮቱ የሚዘጋው ለትንኝ ነው። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው መስኮት ከፍቶ አያመሽም። ቀንም ቢሆን ትንኝ አይጠፋም።

ግንቦት 9

የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳው ላይ አወረድኩት። ከኋላው የተሸፈነው ቦታ ነጭ ነው። ነጭ ነበር ለካ የቀባነው! እኔ ለሰው ሁሉ ክሬም ቀለም ነው ስል ነው የኖርኩት።

ወዲያው ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ፣ ኑሪ ሱቅ ሄድኩ። የቀለም ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አባቱም እዚያው ነበር የሚሸጠው። ሐሳቤ ቀብቼ ልጄን ማስደነቅ ነው።

«ግድግዳው ምን ሆኖ ነው እትዬ ዶርቃ?»

«ምን ይሆናል፣ አርጅቶ ነው።»

«የጭስ ነገር የለበትም?»

«የምን ጭስ» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አየኝና የውሃ ቀለም አወጣልኝ።

ግንቦት 16

ቀባን። እኔ ታች ታቹን፣ ምንያህል መሰላል ላይ። ሳሎኑ ሙሽራ መሰለ። ቀለሙ እንዳይበላሽ ለጊዜው መኝታ ቤት እንዲያጨስ ነገርኩት። መሰላሉን እያጠፈ ትንሽ አየኝና «እሺ» አለ። ይህ ሰው እሺ ሲል አንድም ቀን ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ለሶልያና ደወልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ትመጣለች። ምን እንዳደረግን አልነገርኳትም።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ምን ብዬ ልጻፈው።

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አደረ። ጠዋት ተነስቼ መጋረጃውን ስገልጥ ግድግዳው አልቦታል። ከአዲሱ ቀለም ሥር ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶ እንደ ላብ ቁልቁል ወርዷል። በጨርቅ ብጠርገው ተለቀለቀ። ሽታውም ተመልሷል፤ ዛሬ ለእኔም ሸተተኝ። በዚህ መሀል ልጆቹ ደረሱ።

ሶልያና ገባች። ደስ ብሏት፣ ልታስደስተኝ ብላ ነው የገባችው፣ እሱን አይቻለሁ። ሳሎኑ መሀል ቆማ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ያዘች፣ ከዚያ ሮጣ ወጥታ በረንዳው ላይ አጎንብሳ ትስል ጀመር። እንደ ልጅነቷ ሳል። ትንሽ ሳለች አስም ነበረባት፣ ብዙ ሌሊት ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነው ያደረችው። ሐኪሙ ያን ጊዜ የአበባ ብናኝ ነው ብሎን ግቢያችን ውስጥ ያለውን አበባ ሁሉ ነቅዬዋለሁ።

ትንፋሿ ሲመለስ አባቷን አየችው። «አባ፣ ግን ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ውጭ ወጥተህ የማታጨሰው?»

እኔ ውሃ ልቅዳላት ብዬ ተነሳሁ።

«ስንፍና ነው ልጄ» አለ ምንያህል። «ከሶፋው መነሳት ይከብደኛል።»

በሞያሌ መንገድ ላይ ብቻውን ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው፣ ከመንገድ ሌሊት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ እኔ ሳልነቃ በርሜሉን ሁሉ የሚሞላ ሰው ሰነፍ ነኝ አለ። እኔን አላየኝም። ውጭ ሰው ያይሃል ያልኩት እኔ ነኝና ሊያየኝ ይችል ነበር።

ሶልያና ስትሄድ «ቡሹሎ ይሻላል እማ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ። አልተቀየምኩም አልኳት።

ግንቦት 25

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ግንቦት 27

ኑሪ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ በሹክሹክታ ነገርኩት። ስልኩን አስቀምጦ በአክብሮት ሰማኝ። እንደሚያውቅ ገባኝ። ባለፈው ሲጠይቀኝም ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ የለም ካሉ እኔ አለ ማለቴ ነውር አይደል እትዬ?»

እኔ ያፈርኩትን እሱ ሊሸፍንልኝ ሲል ነው ቀለሙ ሁሉ ውሃ የበላው።

ከዚያ አስረዳኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ቅባት ነው፤ የውሃ ቀለም ሲነካው ይቀልጥና ወደ ላይ ይወጣል። አሁን የቀባነው ተፍቆ መነሳት አለበት፣ ቅባት ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይላጣል አለ። ከዚያ በሙቅ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በጥቂት አቼቶ ይታጠባል። ከላይ ከጀመሩ ቆሻሻው ቁልቁል ወርዶ መስመር ሠርቶ ይቀራል፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚታጠበው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ የዘይት ፕራይመር የሚሉት መነሻ ቅብ፣ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «በረኪና ቢጨምሩ ግን ከአቼቶው ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይሆን፣ የሚወጣው አየር መርዝ ነው» አለኝ። መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስ፣ ሁሉም ይታጠባል።

«የመኝታ ቤታችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነው» አልኩት።

«እሱን አይልፉበት። ጨርቅ ጠጥቶ የያዘውን አይለቅም። ይቀደድና ይውጣ።»

ሰኔ 2

ምንያህል ጀመረ። እኔ ልጀምር ብል መፋቂያውን ከእጄ ወሰደው።

መኪና ሲያጥብ አይቼው አውቃለሁ፤ ሌሎቹ ሹፌሮች ለልጆች ሰጥተው ሻይ ሲጠጡ እሱ ራሱ ነበር የሚያጥበው። ግድግዳውንም እንደዚያው ያዘው። ስፖንጁን ይነክራል፣ ይጨምቃል፣ ከወለሉ ይጀምርና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የታጠበውን በጨርቅ ይለቀልቃል፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። አይቸኩልም፣ አያጉረመርምም። ከማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ያለውን በጥርስ ብሩሽ አወጣው። እኔ እንኳ በመርፌ ሥራዬ እንዲህ ታጋሽ አይደለሁም። ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ፣ ሥራም ፈታሁ።

ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ የተንተከተከ ሻይ መሰለ። ምንያህል ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ሁሉ በእኔ ሳንባ በኩል ያለፈ ነው» አለ። ከዚያ «ሳሙና ጨምሪልኝ» አለኝ።

ሲመሽ ፓኮውን ከኪሱ አወጣና የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ ወደ ግቢው በር ሄደ።

«ወዴት ነው?»

«ውጭ።»

«ጓሮ አለ አይደል እንዴ?»

«ጓሮው የመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ነው። ይገባል።»

በሩን ከፍቶ ወጣና መንገዱ ዳር፣ ባጃጁም ሰዉም በሚያልፍበት፣ ወንበሩን አስቀምጦ ለኮሰ። በቀጥታ የቤተ ክርስቲያናችን መንገድ ላይ። እኔ ከውስጥ በሩን ገፍቼ ዘጋሁት። ነፋስ ነበር።

ሰኔ 5

ያለፉ ሰዎች፦ መዘምራን ልጆች፣ ከልምምድ ሲመለሱ። የሽማግሌው ሚስት። የኅብረታችን አስተባባሪ ኢዮስያስ፣ በባጃጅ፤ ባጃጇ ቀስ አለች።

በበሩ ስንጥቅ ነው ያየሁት። ምንያህል ለእያንዳንዱ ከወንበሩ እየተነሳ፣ ሲጋራውን ወደ ታች አድርጎ፣ በሌላ እጁ ሰላም ይላል። አልደበቀውም። ደፋር ነው እንዳልል ፊቱ ቀልቷል፣ ጆሮው ሳይቀር። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩበት።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ሰላምታው ሁሉ ከአንገት በላይ ነበር። መዝሙሩ ጥሩ ነበር።

ሰኔ 12

ኢዮስያስ ቤት ድረስ መጣ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃሉ ያስጠናሁት ልጅ ነው፣ አሁን ከረባት አስሯል። ለመናገር ተቸገረ።

«እትዬ ዶርቃ፣ ለክረምቱ ትንሽ ቢያርፉስ ብለን ነበር። የእህቶችን ነገር ሌላ እህት ትያዘው። የመዘምራኑንም ልብስ... ልጆቹ ሌላ ቦታ እናሰፋ ብለዋል።»

«ጥሩ ነው» አልኩት። ማረፍ ጥሩ ነው። ጉልበቴንም ያመኛል። ስፌቱም ዓይኔን እያደከመው ነበር። ሻይ ጠጣ ብለው እቸኩላለሁ አለ።

ምንያህል ከጓዳ ሆኖ ሰምቷል። ራት ላይ እንጀራውን ሳይነካ ብዙ ቆየ። በኋላ «እንደ ድሮው ልግባ?» አለኝ። «መስኮቱን እዘጋዋለሁ። ቡሹሎም እኮ ጥሩ ቦታ ነው። የአንቺ ስም ከሚጠፋ።»

ለእኔ ሲል መልሶ ቤት ሊገባ ነው። ያጠበውን ግድግዳ መልሶ ሊያጨስበት። ከአፉ ሌላ ቃል ቢወጣ፣ አንድ ወቀሳ ቢወጣ፣ ምናልባት እሺ ግባ እለው ነበር። የምጠብቀውም እሱን ነበር መሰለኝ።

«አቡጀዲውን ነገ እንቅደደው» አልኩት።

ሰኔ 13

ኮርኒሱን አወረድን። አንድ ጥግ ላይ በቢላ ቀድጄ ስስበው ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ወረደ። ጨርቁ ቡኒ ሆኗል፣ ከብዷል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ሰዓት በሩ ተንኳኳና የኤልናታን እናት ከቡሹሎ መጣች፣ ቆጮ ይዛ። ከሰው ሁሉ እሷ! ሻሼ የወረደ፣ ፊቴ ጥቀርሻ፣ አልጋዬ ተገልብጦ።

«ኬሬ» ብላ በሲዳምኛ ሰላም አለችኝና ቆጮውን አስቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዘች። ይኸው ነው። አልጠየቀችኝም። አማርኛዋ እርስዎ የሚባል አያውቅም፣ ፓስተሩንም አንተ ነው የምትለው፤ «ወደ አንቺ ሳቢ፣ እኔ ለቀቅ አደርጋለሁ» እያለች እስከ መጨረሻው አብራኝ አወረደች።

ሲያልቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። «የእኔ ሟች ትንባሆ በጋያ ነበር የሚስበው» አለች። «ቆጮው ትንባሆ ይሸታል፣ ወተቱ ትንባሆ ይሸታል። ከሞተ በኋላ ጎጆውን አፈረስኩት። ቡሹሎ ገነት መሰለሽ?»

ሳቅኩ። ለሳምንታት ስጠላት የቆየሁትን ሴት አቅፌ ሳቅኩ። እንዲህ ያለች አማት ለልጄ ስለሰጣት እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ እሷ ቦታ ብሆን ቆጮዬን ይዤ ሄጄ ያየሁትን ለሰፈር አወራ ነበር።

ስትወጣ «ልጅቷ የእናቷ ቤት ትምጣ» አለች። «ብቻ ጨርሱ።»

ሰኔ 24

ዝናብ። ግድግዳው አይደርቅም። መስኮቶቹ ሁሉ ቀንም ማታም ተከፍተዋል፤ አልጋው ላይ አጎበር ሰቅለናል። አጎበሩ ከተገዛ ቆይቷል፣ ከላስቲኩ አልወጣም ነበር።

ሐምሌ 2

ፕራይመሩ ተቀብቶ አለቀ። ቢጫው አልወጣበትም። ምንያህል በየቀኑ ጠዋት አፍንጫውን ግድግዳው ላይ እያደረገ ያሸታል። «አንተ ምን ይሸትሃል» አልኩት፤ «ድሮ አይሸተኝም ነበር፣ አሁን ትንሽ ትንሽ ጀምሮኛል» አለ። በር ላይ የሚቀመጥበትም ጊዜ አጥሯል። በቀን ስንት ሲጋራ ቀረህ ብዬ አልጠየቅኩትም፣ ነገሩን በአፌ እንዳላበላሽ። ሌሊት ሌሊት የሚነሳበት ሳልም ቀንሷል። ወይም ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲጮህ አልሰማሁት ይሆናል።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ሌሊቱን ዘነበ። እንኳን ዘነበ።

ሶልያና ገባች። እኔ ሶፋው አጠገብ ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከግድግዳ ግድግዳ ሄደች። በሩ ኋላ ያለውን ጥግ አሸተተች፣ ቁም ሳጥኑን ከፍታ አሸተተች፣ መጋረጃውን ፊቷ ላይ አደረገች። መኝታ ቤት ገብታ አዲሱን ኮርኒስ ቀና ብላ አየች። 

«እማ፣ ምንም የለም» አለች። «ምንም።»

ከዚያ ሳሎን ተመልሳ በተከፈተው መስኮት ወደ ውጭ አየች። ምንያህል ልጁ ስታሸት ለማየት አልደፈረም፣ መንገድ ላይ ወንበሩ ላይ ነበር።

«አባ እዚያ ነው የሚያጨሰው?»

«እዚያ ነው።»

«ሰው እያየው?»

«ሰው እያየው።»

አለቀሰች። የእርግዝና ለቅሶ ነው አለች፣ እኔም እሱ ነው አልኳት። ስትረጋጋ «አልጋዬን በመስኮቱ በኩል አድርጊልኝ» አለችኝ። የቡሹሎ ነገር ሁለተኛ አልተነሳም።

ሐምሌ 29

ሴት! ሐዳሳ ተባለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ነገ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 5

አልጻፍኩም። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሽንት ጨርቅ። ቤቱ በሕፃን ወተት ሽታ ሞልቷል።

ምንያህል ለማጨሻ ብቻ የሚለብሰው አሮጌ ኮት በግቢው በር ሚስማር ላይ ሰቅሏል። ሲመለስ ኮቱን እዚያው ይተዋል፣ እጁንና ፊቱን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠባል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ሸሚዝ ይቀይራል። ይህን ሁሉ አድርጎም ወዲያው አይይዛትም፣ በረንዳ ላይ ትንሽ ይቆያል። ያዘዘው ሰው የለም። ሶልያና እንኳ «አባ በቃ ና» ትለዋለች። ከዚያ ገብቶ የልጅ ልጁን ሲይዝ ያን ትልቅ እጅ ብታዩት! ገና ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና የተረከበ ነው የሚመስለው፣ መንካቱን ይፈራል።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዛሬ ኅብረቱ ለሕፃኗ ሊጸልይ ወደ እኛ ቤት መጣ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ ሳሎን ሐዳሳን ሳስተኛ ድምፃቸውን በመስኮቱ ሰማሁ። በሩ ጋ ቆመዋል። ምንያህል እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ረስቶት እንደሆነ እንጃ፣ ወይም ገና ለኩሶ ደርሰውበት።

«ጋሽ ምንያህል፣ እንደምን አመሹ። እትዬ አሉ?» የኢዮስያስ ድምፅ ነው።

«አለች፣ ግቡ፣ ግቡ።»

ማንም አልገባም። ሹክሹክታ ሰማሁ፣ አንዷ ሳለች፣ የሕመም ሳል አይደለም። «እኔ እዚሁ እሆናለሁ፣ እናንተ ግቡ» አለ ምንያህል። ድምፁ ውስጥ የነበረውን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ግድግዳውን ሲያጥብ እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ አላወጣም።

ሕፃኗን ለሶልያና ሰጠኋት። ከሳሎን አንድ ወንበር አነሳሁና ወጣሁ። በሩ ጋ ሁሉም መንገድ ለቀቁልኝ፣ ወንበር ለእነሱ ያመጣሁ መስሏቸው ኢዮስያስ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ግቡ፣ ልጅቷ ውስጥ ናት፣ ሶልያና ታስተናግዳችኋለች» አልኳቸው። ወንበሩን ምንያህል አጠገብ አድርጌ ተቀመጥኩ።  የኅብረቱ ሰዎች እዚያው ፊቴ ቆመው ያዩኛል፣ ባጃጆች ያልፋሉ፣ እኔም አየኋቸው። ኢዮስያስ አንድ እግሩ ግቢ ውስጥ፣ አንድ እግሩ መንገድ ላይ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ወንጌላዊት ነጠላዋን አስተካክላ «እንደምን አመሻችሁ ጋሽ ምንያህል» ብላ በአጠገባችን አልፋ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ብቻችንን ስንቀር ምንያህል አላየኝም። ሲጋራውን ከእኔ ራቅ አድርጎ ያዘ።

«ጭሱ ወደ አንቺ ነው የሚሄደው» አለ። «ግቢ።»

ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነበር። ተነሳሁና ወንበሬን አዙሬ በሌላው ጎኑ ተቀመጥኩ።